ስለ ባሩዱ ለጠየቅሽኝ

እህት ዓለም እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው? ይሄን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን ከርመን መልእክትሽን ስከፍተው ገና ሰላምታውን ሳትጨርሺ ስለ ባሩድ መጠየቅሽ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ እኔና አንቺ እኮ ሁሌም ካቆምንበት ነው የምንቀጥለው። ስለራሴ ሌላ ቀን በሰፊው እጽፍልሻለሁ (ደህና ነኝ፣ ሰላም ነው ሁሉም)፣ ዛሬ ግን ባሩዱን ሳትገዢ ይድረስሽ ብዬ በቀጥታ ወደ ጥያቄሽ ልግባ።

ለዒላማ ተኩስ የራስሽን ጥይት መሙላት ጀምረሽ "በጣም ፈጣኑ ባሩድ የቱ ነው" ነው ያልሽኝ። ፈጣን፣ ማለትም ቶሎ ተቃጥሎ የሚያልቅ፣ መፈለግሽ ልክ ነው፣ ግን ከፍጥነቱ በፊት ሌላ ነገር ብትጠይቂ ደስ ይለኛል፦ ቀለሁ ውስጥ ከገባ በኋላ በዓይኔ አየዋለሁ ወይ? መስፈሪያው (ባሩዱን ለክቶ የሚያወርደው ዕቃ) ውስጥስ እኩል እኩል ይወርዳል ወይ? እኔ ባሩድ የምመርጠው በነዚህ በሁለቱ ነው፣ ፍጥነቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

መጀመሪያ ለምን ፈጣን እንደሚያስፈልግሽ ልንገርሽ። ለዒላማ የሚሞላ ጥይት ቀላል ነው፣ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፣ የሽጉጥ በርሜልም አጭር ነው። ቀስ ብሎ የሚቃጠል ባሩድ በደንብ ለመቃጠል ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል፣ ያንን ካላገኘ እንደ እርጥብ ግንድ እየጨሰ ግማሹ ሳይነድ ይወጣል፣ በርሜሉ ውስጥ ያልተቃጠለ ፍሬ ይቀራል፣ የአረሩም ፍጥነት አንዱ ከአንዱ ይለያያል ማለት ነው። ፈጣኑ ግን በትንሽ ግፊትም ቶሎ ተያይዞ ያልቃል። ደግሞ የሚያስፈልገው መጠን ትንሽ ስለሆነ ከአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝም ያንሳል፣ እርግጫው ይለሰልሳል፣ ድምፁም ይቀንሳል፣ እጅሽ ሳይደክም ብዙ ትተኩሻለሽ። ቁጠባውንም አስቢው፣ ባሩድ የሚመዘነው በግሬይን ነው፣ አንድ ፓውንድ 7000 ግሬይን ነው፣ ለምሳሌ ለአንድ ጥይት 3 ግሬይን ቢገባ ከባለ አንድ ፓውንድ ቆርቆሮ ከ2300 በላይ ጥይት ይወጣል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ያ 3 ግሬይን ምን ያህል ነው? ወደ 0.2 ግራም ገደማ ነው፣ በጣም ትንሽ! የ.38 ስፔሻል (የሪቮልቨር ጥይት ዓይነት ነው) ቀለህ ደግሞ ትልቅ ነው፣ ሲሠራ ብዙ ቦታ ለሚይዘው ለጥቁሩ ባሩድ ታስቦ ነው እንጂ ለዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ አይደለም። ስለዚህ የዒላማ መጠን ሲገባበት ከታች ትንሽ ይታይና የቀረው ባዶ ነው፣ ተሳስተሽ ሁለቴ ብትሞዪው እንኳን አይፈስም፣ አረሩም ከላይ ገብቶ ይዘጋል፣ ከውጭ ስታዪው ከሌላው ጥይት በምንም አይለይም። የ.38 ስፔሻል ከፍተኛ ግፊት ሳሚ በሚባለው የአሜሪካ የመሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም መለኪያ 17,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፣ የ9 ሚሊሜትሩ 35,000። ፈጣን ባሩድ በእጥፍ ሲገባ ግፊቱ በእጥፍ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፣ ከዚያ በላይ ነው የሚዘለው፣ ሽጉጡንም እጅሽንም ሊያፈነዳ ይችላል። የተሞላውን ጥይት መዝኜ አገኘዋለሁ እንዳትዪ፣ የቀለህና የአረር ክብደት ራሱ እዛው ባንድ ፓኬት ውስጥ በጥቂት ግሬይን ይለያያል፣ ልዩነቱ የባሩዱን ስህተት ይደብቀዋል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። 50 ቀዳዳ ያለው የቀለህ መደርደሪያ ይኑርሽ፣ ቀለሆቹን መጀመሪያ አፋቸውን ወደታች ደፍተሽ ደርድሪ፣ አንዱን አንስተሽ ሞልተሽ አፉን ወደላይ አድርገሽ መልሺው፣ እንደዛ ከሆነ የተሞላና ያልተሞላ አይቀላቀልም። ሁሉም ሲሞላ አንድም አረር ሳታስገቢ መብራት ከላይ አብሪበትና በየረድፉ እያንዳንዱን ተመልከቺ። ዓይን ይገርማል፣ ከፍ ያለውን ወይም ባዶውን ከጎረቤቶቹ ጋር ሲያይ ቶሎ ይለየዋል፣ የባሩዱ ገጽ ከአፉ ያለው ርቀት በሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ባዶውም እኮ አደገኛ ነው፣ በፕራይመሩ (ቀለሁ ቂጥ ላይ ሆኖ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ኃይል ብቻ አረሩ ተገፍቶ በርሜሉ ውስጥ ይቆማል፣ ድምፁ "ፕስስ" ብሎ ከለሰለሰብሽ ሁለተኛ ቃታ እንዳትስቢ፣ አቁሚ፣ ሽጉጡን አራግፈሽ በርሜሉን እዪ። ሁለተኛው አረር ከተከተለ በርሜሉ ያብጣል ወይ ይፈነዳል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ የሚሠራ ፕሬስ (የጥይት መሙያ ማሽን) ከገዛሽ ደግሞ የባሩድ ከፍታ የሚፈትሽ መሣሪያ ይገጠምለታል፣ ያንን አትለፊው።

ባሩዶቹን በስም ልንገርሽ። ቡልዛይ ዕድሜ ጠገብ ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዒላማ ተኳሾች ሲጠቀሙበት ኖረዋል፣ በተለይ በ.38 ስፔሻል 148 ግሬይን ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የእርሳስ አረር፣ ወረቀቱን ክብ አድርጎ የሚቆርጠው፣ እሱና ቡልዛይ የተጋቡ ናቸው ማለት ይቻላል። ትንሽ ይቆሽሻል እንጂ ትክክለኛነቱን ማንም አይክድም። ታይትግሩፕ ሌላው ነው፣ ፍሬው ሉል ነው፣ መስፈሪያ ውስጥ እንደ ውኃ ነው የሚወርደው፣ ቀለሁ ውስጥ ወደፊትም ወደኋላም ቢተኛ የአረሩ ፍጥነት ብዙም አይለዋወጥም፣ ለዚህ ነው ትልቅ ቀለህ ውስጥ የሚወደደው። ግን እፍግ ያለ ስለሆነ ቦታ አይይዝም፣ ማለትም ከላይ ያልኩሽ ሁለቴ የመሞላት አደጋ በሱ ላይ ይብሳል፣ ደግሞ በጣም ይሞቃል፣ ከእርሳስ አረር ጋር ጭሱም ይበዛል። ጥሩ ባሩድ ነው፣ ለጀማሪ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም፣ ቅር እንዳይልሽ።

ሬድ ዶት ለሾትገን የተሠራ ነው፣ ቀያይ ቅጠል የተቀላቀለበት ሰፋ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ፍሬ፣ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሁን ከፍ አድርጎ ይሞላዋል፣ ለዓይን የተመቸ ነው። ችግሩ ያ ሰፊ ቅጠሉ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ይደራረብና አንዱ ቀለህ ጎድሎበት ቀጣዩ ይተርፈዋል። ኤችፒ-38ና ዊንቸስተር 231 ደግሞ ስማቸው ነው እንጂ ባሩዱ አንድ ነው፣ ከቡልዛይ ትንሽ ቀሰስ ይላል፣ በደንብ ይሰፈራል፣ በ.38ም በ9 ሚሊሜትርም በ.45 ኤሲፒም ይሠራል። ቪታቩሪ ኤን320 ንጹሕ ነው፣ ልስልስ ነው፣ ዋጋው ግን ከብዙዎቹ ከፍ ይላል። እኔን ካልሽኝ በኤችፒ-38 ጀምሪ፣ መስፈሪያሽንና እጅሽን ስታውቂው ወደ ቡልዛይ ሂጂ።

መጠኑን ግን ከኔ አትጠብቂ፣ ከማንም ወሬም አትውሰጂ፣ ለዚያ ነው እዚህ አንድም የመሙያ ቁጥር ያልጻፍኩልሽ፣ 3 ግሬይን ያልኩትም ለስሌት ምሳሌ ብቻ ነው። ባሩዱን የሚሠራው ፋብሪካ ማኑዋል አለው፣ ያንቺን አረር፣ ክብደቱን፣ ዓይነቱን፣ የጥይቱን ጠቅላላ ርዝመት አይተሽ ከመነሻው መጠን ጀምሪ። ርዝመቱን ቀላል ነገር አድርገሽ እንዳታይው፣ አረሩ ጠልቆ ሲገባ ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፣ በፈጣን ባሩድ ደግሞ ያቺ ትንሽ ጥበት ግፊቱን ክፉኛ ከፍ ታደርገዋለች፣ በ9 ሚሊሜትር በተለይ ቀለሁ ትንሽ ስለሆነ ይብሳል። ከመነሻውም በታች አትውረጂ፣ አረሩ በርሜል ውስጥ እንዳይቀርብሽ። የመቃጠል ፍጥነት ሰንጠረዥ የሚባለውም ቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚያሳይሽ፣ ሁለት ባሩዶች ጎን ለጎን ስለተጻፉ የአንዱን መጠን ለሌላው መጠቀም አይቻልም፣ በጭራሽ።

መስፈሪያሽን የምትፈትኚው እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ብዙ ጊዜ እያወረድሽ ባሩዱ እስኪረጋ ወደ ቋቱ (መስፈሪያው ላይ ባሩዱ የሚቀመጥበት) መልሺ፣ ከዛ አሥር ጊዜ አንድ ሳህን ላይ አውርደሽ አንድ ላይ መዝነሽ ለአሥር አካፍዪ፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ በአንድ እየመዘንሽ ልዩነቱን እዪ። ክንድሽ ማንሻውን ሁሌ በአንድ ኃይል ይግፋው። 3 ግሬይን ላይ የ0.2 ግሬይን መዛባት ከመቶ ወደ 7 ይጠጋል፣ ትልቅ መጠን ላይ ግድ የማይሰጠው ስህተት እዚህ ዒላማ ላይ ይታያል።

አውቶማቲክ ከሆነ ሽጉጥሽ አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥይቱን በጣም ካለዘብሽው ተንሸራታቹ እስከመጨረሻው ወደኋላ አይሄድም፣ ቀለሁም ሳይወረወር ተቀርቅሮ ይቀራል። ያኔ ባሩድ ከመለወጥሽ በፊት የተንሸራታቹን ስፕሪንግ በለስላሳ ስፕሪንግ መቀየር ነው፣ የ.45 ዒላማ ተኳሾች ብዙዎቹ እንደዛ ነው የሚያደርጉት። ሪቮልቨር ከሆነ ይሄ ችግር የለብሽም።

ጠረጴዛሽ ላይ ሁሌ አንድ የባሩድ ቆርቆሮ ብቻ ይሁን፣ ስትጨርሺ ቋቱን ወደዛው ቆርቆሮ ገልብጪ፣ ምን እንደሆነ ያላወቅሽውን ባሩድ ደግሞ ገምተሽ አትጠቀሚ፣ አስወግጂው። ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ። የአሲድ ሽታ ከሸተተሽ ወይም ቀይ ቡናማ ብናኝ ካየሽበት ተበላሽቷል።

የትኛው ሽጉጥ እንደሆነና አረርሽ እርሳስ ይሁን ሽፋን ያለው አልነገርሽኝም፣ እሱን ጻፊልኝ። መስፈሪያሽን ከፈተሽ በኋላ ያገኘሻቸውን አሥሩን ክብደቶች እንዳሉ ላኪልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን፣ ከዛ በፊት አንድም ጥይት እንዳትሞዪ አደራ።

ያንቺው