ውኃው ከጎደለ በኋላ፦ የጂኦግራፊ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ርዕሶችን ነካክቶ ከማለፍ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጉዳይ ይዞ ለመዝለቅ ወሰነ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2022 ፓኪስታንን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከአሥራ አንደኛ ክፍል አባላት ሲሆን ጥያቄያቸውም ግልጽ ነበር፤ ድሃ አገር እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስባት የምታጣው ምንድን ነው? ከሌሎች ክበባት ጋር ስንነጻጸር በዓመቱ ያዘጋጀናቸው መድረኮች ጥቂት ናቸው። ልጆቹ ግን አንድን ነገር እስከ ሥሩ መመርመር ምን እንደሚመስል አይተዋል፤ እኔም በዚህ እኮራለሁ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያለቀው ጎርፉ ከየት እንደመጣ በማጥናት ነው። ከዝናቡ ቀደም ብሎ፣ በግንቦት ወር፣ የጃኮባባድ ከተማ ሙቀት 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሞንሱን የሚባለው የደቡብ እስያ የክረምት ዝናብ ገባ። በኦገስት ወር በሲንድና በባሉቺስታን ግዛቶች የጣለው ዝናብ ከወሩ አማካይ ሰባትና ስምንት እጥፍ ሆነ። ሲንድ የኢንደስ ወንዝ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት የሚያቋርጠው ሜዳማ ምድር በመሆኑ ውኃው በቀላሉ የሚወርድበት ቁልቁለት የለውም።

ይህን በቃል ማስረዳት ሲያስቸግረን ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በትልቅ ትሪ ላይ ከጭቃ ሞዴል ሠሩ። ከላይ ተራራ፣ መሐል ላይ ወንዝ፣ ከታች ሜዳ፤ በሜዳው ላይ ደግሞ ጣት የምታህል የጭቃ ክትር አጋደሙበት። ክትሩ የመኪና መንገድ ነው። ውኃ ሲያፈሱበት ከተራራው በኩል ወዲያው ወረደ። ከክትሩ ጀርባ ያለው ግን የትም ሳይሄድ ተኝቶ ቀረ፤ የክበቡ ስብሰባ ሲያልቅም እዚያው ነበር። በሲንድም መንገዶች፣ የመስኖ ቦዮችና ግድቦች መውጫውን ስለዘጉበት ውኃው በብዙ ቦታ ለወራት ሳይጎድል ቆይቷል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ሂሳቡ ገባን። ጎርፉ 33 ሚሊዮን ሰዎችን ነክቷል፣ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገድሏል፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን አፍርሷል ወይም ጎድቷል። የፓኪስታን መንግሥት ከዓለም ባንክ፣ ከእስያ ልማት ባንክ፣ ከአውሮፓ ኅብረትና ከተባበሩት መንግሥታት ጋር በዚያው ዓመት ኦክቶበር ባወጣው ግምገማ የፈረሰው ንብረት 14.9 ቢሊዮን ዶላር፣ በዚህ ምክንያት የቀረው ምርትና ገቢ ደግሞ 15.2 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። ልጆቹን ያስደነገጣቸው ሁለተኛው ቁጥር ነው። የፈረሰ ድልድይ ለማንም ይታያል፤ ያልተዘራ ማሳ ግን ፎቶግራፍ አይነሳም።

ይህን ለማሳየት አባላቱ በአንድ የደብተር ገጽ ላይ የአንድ ምናባዊ የሲንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ሂሳብ ሠሩ። መሬቱ የባለርስቱ ነው። ዘሩና ማዳበሪያው በዱቤ የተወሰደ ነው፤ የሚመለሰውም ከምርቱ ነው። ጥጡ በውኃ ተበላ። ጥጥ ለቅማ ጥሬ ገንዘብ የምታገኘው እናት ናትና የእሷም ገቢ አብሮ ሄደ። ለክፉ ቀን የተያዙት ፍየሎች ሞቱ። የስንዴ መዝሪያ ወቅት ሲደርስ ማሳው ገና ውኃ እንደተኛበት ነው፤ ስለዚህ አዲስ ብድር ይወሰዳል፣ በአሮጌው ላይም ይደመራል። ውኃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ፣ ዕዳውም በየወቅቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ቤተሰቡን ወሰደው። ገጹን የሞላችው ተማሪ በመጨረሻው መስመር ላይ «ልጅቷ ትምህርት አቋረጠች» ብላ ጻፈች። ሂሳብ ውስጥ ይህ እንዴት ይገባል ብለው የተከራከሯት ነበሩ። እኔ ግን ቦታው እዚያው ነው እላለሁ። በጎርፉ ከ17 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ ግምገማው ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወደ ድህነት ሊገቡ እንደሚችሉ ያመለከተውም እንዲህ ያሉትን ቤተሰቦች አስቦ ነው። ከዚህ ላይ የወባው ወረርሽኝ ተጨመረ። ጉዳቱ በገጠር ብቻም አልቀረም፤ የጨርቃ ጨርቅ ዘርፍ ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ ግማሽ ያህሉን ስለሚያስገኝ የጥጡ መጥፋት ለፋብሪካዎቹም ተርፏል።

የዓመቱ ትልቁ ዝግጅታችን በሲንድ ስለሚገኘው ስለ ማንቻር ሐይቅ የተደረገው ክርክር ነው። በሴፕቴምበር 2022 የሐይቁ ውኃ ከልክ ሲያልፍ ባለሥልጣናት ብዙ ሕዝብ የሚኖርባቸውን ከተሞች ለማዳን ክትሩን ሆን ብለው ቆረጡት፤ ውኃውም መንደሮችን አጥለቀለቀ። ትክክል ነበር ወይ? ደጋፊው ቡድን የሰው ብዛት ቆጠረ። ተቃዋሚው ቡድን ደግሞ «ለሌላው ሲሉ ቤታቸው እንዲሰጥም የተወሰነባቸው ሰዎች ከከተማው ሕዝብ ምን ካሣ አገኙ?» ሲል ጠየቀ። ዳኞቹ ለደጋፊዎቹ ፈረዱ። የካሣው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ቀርቷል፤ ከዚያ ቀን በኋላም አባላቱ በኮሪደሩ ሲያነሡት ሰምቻለሁ።

ይኸው ጥያቄ ወደ ዓለም መድረክም ወሰደን። ፓኪስታን ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ያላት ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። በኖቬምበር 2022 በሻርም ኤል ሼክ የተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ለእንዲህ ያለ ኪሳራና ጉዳት የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም ተስማማ። በጃንዋሪ 2023 ጄኔቫ ላይ ለፓኪስታን ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቃል ተገባላት፤ አብዛኛው ግን ብድር ነው። የጭሰኛውን ቤተሰብ ገጽ ለሠሩ ልጆች ይህን ማስረዳት አላስፈለገኝም። የተበደለ አገር ተበዳሪም ሲሆን አይተው «ያው ገጽ ነው» አሉኝ።

ሞዴሉ፣ የሂሳብ ገጹና የክርክሩ ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ። ቦታውን ለፈቀዱልን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊና ክርክሩን በድምፅ ማጉያ ላስተላለፈልን የሚኒ ሚዲያ ክበብ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። በመጪው ዓመት ይህንኑ አገር እ.ኤ.አ. በ2010 ከመታው ጎርፍ ጋር እያነጻጸርን በሁለቱ መካከል ምን እንደተስተካከለና ምን እንዳልተስተካከለ እናጠናለን። ለዚህ ሥራ በተለይ ሂሳብ የሚወዱ አዲስ አባላት ያስፈልጉናል፤ ምዝገባው ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው።