የመድህን ካርዱ ታድሷል፤ መድኃኒቱስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚወጡ ዜናዎች መልካቸው አንድ ነው፦ ይህን ያህል አባወራ ተመዘገበ፣ ይህን ያህል ካርድ ታደሰ፣ ይህን ያህል ብር ተሰበሰበ። ቁጥሩን አንጠላም። የጤና ጣቢያ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ የሚውል ሰው ግን የሚጠይቀው ሌላ ቁጥር አለ። ካርዱን ይዞ ከመጣው ታማሚ መካከል የታዘዘለትን ሁሉ ከዚያው መስኮት ተቀብሎ የሄደው ስንቱ ነው? ይህ በዜና ሲነገር አልሰማንም።

አሠራሩ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል ባሉ 13 ወረዳዎች ሲጀመር የዓመቱ መዋጮ ቀላል ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ ሺህ ብር አልፏል። ገበሬው ይህን የሚከፍለው እህል ሸጦ ነው። በክረምት ሲታመም «ከውጭ ግዛ» ተብሎ ወረቀት ከተሰጠው፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ካርዱን እንዳያሳድስ መካሪ አያሻውም። ቀበሌው ደግሞ ይህንኑ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ግንዛቤውማ አለው፤ እንዲያውም ከበቂ በላይ ገብቶታል።

መድኃኒት ጠፋ ሲባል ጣት የሚቀሰረው በኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ላይ ነው። አቅራቢው ድርሻ የለውም አንልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው ንሯል። ቢሆንም በአቅራቢው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ጤና ጣቢያው ጋ የሌለ መድኃኒት ጥቂት አይደለም። የሚጎድለው ጥሬ ገንዘብ ነው።

የቲቢ፣ የኤች አይ ቪና የወባ መድኃኒት «ፕሮግራም» ስለሆነ ለጤና ጣቢያው በነጻ ይመጣል። የደም ግፊቱ፣ የስኳሩ፣ የጨጓራው፣ አንቲባዮቲኩ ግን ጤና ጣቢያው በራሱ ብር የሚገዛው ነው። ይህ ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ወይም በተለምዶ አርዲኤፍ ይባላል። ታማሚ በእጁ ሲከፍል የዛሬው ሽያጭ ለነገው ግዢ ይውላል። የመድህን አባል ሲመጣ ግን ከመስኮቱ መድኃኒት ይወጣል፣ በምትኩ ወረዳው በኋላ የሚከፍልበት ወረቀት ይገባል።

ለስሌት ያህል 800,000 ብር የመድኃኒት ካፒታል ያለው ጤና ጣቢያ እንውሰድ። አባላት በወር የ150,000 ብር መድኃኒት ይወስዳሉ እንበል። የክፍያ ጥያቄው በየሩብ ዓመቱ ስለሚጠቃለል እስከዚያ 450,000 ብር ወጥቷል። ወረዳው ኦዲት አድርጎ፣ አስፈርሞ፣ ሂሳቡን እስኪያስተላልፍ ሁለት ወር ቢፈጅ ተጨማሪ 300,000 ይወጣል። ከ800,000 ብሩ ውስጥ 750,000ው ወረቀት ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። በቀረው 50,000 ብር ምን ይታዘዝበታል? ገንዘቡ ሲመለስም የሚመለሰው መድኃኒቱ በተሰጠበት ቀን ዋጋ ነው፤ በዚያው ብር መቶ ፓኬት የነበረው ሰማንያ ቢሆን አይገርምም። በስሙ ተዘዋዋሪ የተባለው ፈንድ በዞረ ቁጥር ይመነምናል።

በዚህ ላይ ተቀናሽ አለ። የካርድ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ተሳስቶ፣ የዕድሳት ማኅተሙ ሳይታይ፣ ማዘዣው ላይ የበሽታው ስም ሳይጻፍ፣ የአባሉ ፊርማ ሳይኖር የተላከ ጥያቄ ይሰረዛል። ኦዲተሩ አልተሳሳተም። ነገር ግን ስህተቱ የሚታወቀው ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ስለሆነ ማን ሊያርመው ይችላል? በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ሰው ተመድቦ የሳምንቱን ቅጾች ከካርድ ክፍል መዝገብ ጋር ቢያመሳክር አብዛኛው ተቀናሽ እዚያው ይቀራል።

ወቅቱም አያግዝም። መዋጮ የሚሰበሰበው ከመኸር በኋላ፣ በአመዛኙ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የወረዳው የመድህን ሂሳብ መጋቢት ላይ ይሞላል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ይደርቃል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። የወባው መድኃኒት በነጻ ቢመጣም ግሉኮሱ፣ ደም ሥር ላይ የሚሰካው ካኑላ፣ የትኩሳት ማስታገሻው የሚገዛው ከዚያው ከደረቀው አርዲኤፍ ነው። ስለዚህ ሂሳቡ ሙሉ በሆነበት በመጋቢት፣ ያለፈው ዓመት የሩብ ዓመት አማካይ ተሰልቶ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ለጤና ጣቢያው በቅድሚያ ቢከፈልና በኋላ በኦዲት ቢወራረድ ይሻላል እንላለን። ከወረዳው አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የመክፈያውን ቀን ማስቀደም ብቻ ነው።

ሁሉንም ጥፋት ለወረዳው ማሸከም ግን ፍትሕ አይሆንም፤ የራሳችንም ቤት ይፈተሽ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያዝዘው በየሁለት ወሩ አርአርኤፍ በሚባለው የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ነው። ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር ሲሆን ትእዛዙ የሁለቱን ወር ፍጆታ በሁለት አባዝቶ በእጅ ያለውን በመቀነስ ይሰላል። ቅጹ ላይ መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናት የሚሞሉበት ዓምድ አለ። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚታለፈው እሱ ነው። 60 የደም ግፊት ታካሚዎች በቀን አንድ አንድ አምሎዲፒን ቢወስዱ በወር 1,800 ፍሬ፣ በሁለት ወር 3,600 ያስፈልጋል፤ መጋዘኑ ባዶ ከሆነ ትእዛዙ 7,200 መሆን አለበት። ከ60ው ቀን ለ30ው መድኃኒቱ ጠፍቶ ከነበረ ቢን ካርዱ፣ ማለትም የመጋዘኑ የገቢና የወጪ መመዝገቢያ ካርድ፣ የሚያሳየው ፍጆታ 1,800 ነው። ዓምዱ ካልተሞላ 3,600 ይታዘዛል፣ ከሚያስፈልገው ግማሹ ብቻ። በቀጣዩ ዙር ዕቃው ቀድሞ ያልቃል፣ ፍጆታው ትንሽ መስሎ ይታያል፣ እንደገና ትንሽ ይታዘዛል። እጥረቱ ራሱን ይወልዳል። ይህን ለማረም አንድ ብር አይወጣም፤ ቢን ካርዱ ላይ ሚዛኑ ዜሮ የሆነበትን ቀን ቆጥሮ መጻፍ ነው።

ከውጭ የገዛ አባል ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል ይባላል። ጤና ጣቢያው «የለም» ብሎ ማኅተም ያሳረፈበት ማዘዣ፣ ሕጋዊ ደረሰኝና ካርዱን ይዞ ወረዳ ድረስ መሄድ አለበት። ለ300 ብር መድኃኒት የዚያን ግማሽ ያህል ለትራንስፖርት አውጥቶ፣ አንድ የሥራ ቀን አቃጥሎ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ የሚመለስ ሰው ሁለተኛ አይሞክርም። አዲስ አበባ ውስጥ ከከነማ መድኃኒት ቤቶች ጋር እንደተደረገው፣ በየወረዳው ከተማ ከአንድ የማኅበረሰብ ወይም የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ጋር ውል ተይዞ ሂሳቡን መድኃኒት ቤቱና መድህኑ ቢተሳሰቡ አባሉ ከመሀል ይወጣል። ውሉ ሲፈረም ግን የክፍያ ቀኑ በግልጽ ይቀመጥ፤ አለዚያ መድኃኒት ቤቱም በሦስተኛው ወር «የለም» ማለት ይጀምራል።

ሪፈር ሳይዝ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል ግማሹን ከኪሱ ይከፍላል። ደንቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ ሜትፎርሚን ሲጠፋ የስኳር ታካሚው የሪፈር ወረቀት ይለምናል፣ ባለሙያውም አዝኖ ይጽፍለታል። ሆስፒታል ሲደርስ አዲስ ካርድ፣ እንደገና የደም ምርመራ፣ ከዚያ ያችው ክኒን። መድህኑ ለአንድ ክኒን የሆስፒታል ሂሳብ ይከፍላል። በአንድ ወረዳ ብቻ የታጠረ የመዋጮ ቋት እንዲህ ያለውን ወጪ ብዙ አይችልም፤ ቋቱን ቢያንስ ወደ ዞን ማሳደግ የሚባለው ሐሳብ በሁሉም ቦታ ሥራ ላይ መዋል ያለበት ለዚህ ነው።

መክፈል የማይችሉትን በሚመለከት የሚታየው ነገር ደግሞ ያሳፍራል። የእነሱን መዋጮ ወረዳውና ክልሉ ይሸፍናሉ፤ ምርጫው ግን በድህነታቸው ሳይሆን በጀቱ ለስንት ሰው ይበቃል በሚል ኮታ ይሆናል። ለቀበሌው 80 ኮታ ከመጣ 81ኛዋ አሮጊት ደሀ አይደሉም ማለት ነው። ተፈናቃዩ የቀበሌ መታወቂያ ስለሌለው ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። በሰፈሩ ማን ጧሪ እንደሌለው፣ የማን ጎጆ ጭስ እንደማይወጣበት የሚያውቁት እድሮች ናቸው፤ ስም ሲጻፍ የእድር ዳኛና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አብረው ይቀመጡ፣ ዝርዝሩም ሳይጸድቅ ለአንድ ሳምንት ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። ካርድ ኖሯቸውም ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው ሰው ላጡ አልጋ ላይ ላሉ አረጋውያን የወሩን መድኃኒት በኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል መላክ ይቻላል፤ የደም ግፊት ክኒን ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ኢንሱሊን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት በዚህ መንገድ አይሆንም፤ ለእሱ ሌላ መላ ይፈለግ።

ለጊዜው ከየጤና ጣቢያው የምንጠይቀው አንዲት ሰሌዳ ነው። መድኃኒት መስጫው መስኮት አጠገብ በጣም የሚፈለጉት ሃያ መድኃኒቶች ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ባለፈው ወር ስንት ቀን እንደጠፋ፣ ከስሩ ደግሞ መድህኑ ለጤና ጣቢያው ያልከፈለው ቀሪ ሂሳብ ይቀመጥ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊና የወረዳው የመድህን አስተባባሪ ይፈርሙበት። መዋጮ ሰብሳቢው በታኅሣሥ ቤት ለቤት ሲዞርም የሰሌዳውን ፎቶ በስልኩ ይዞ ይሂድ።

በጤና ጣቢያ መድኃኒት አቅርቦትና በጤና መድህን ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች