እግር ድረስ ለሚወርድ የወገብ ህመም መርፌ አይቅደም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ በኩል እስከ እግር ጣት የሚወርድ ህመም ሲይዘው፣ ብዙ ሰው «ነርቭ ነው» ብሎ ወደ ክሊኒክ ሄዶ ዲክሎፌናክ የተባለ የህመም ማስታገሻና የቫይታሚን ቢ መርፌ ያስወጋል። ልማዱ በጣም ያሳስበናል። ሳያቲክ የሚባለው ይኸው ነርቭ የሚያልፈው መርፌው በሚወጋበት መቀመጫ ውስጥ ነውና፣ ቦታውን የሳተ መርፌ እግር ሊያሰንፍ ይችላል። መወጋት ግድ ከሆነ የመቀመጫው የላይኛው ውጫዊ ሩብ ላይ ይሁን። መርፌው ሲገባ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ስሜት ወደ እግር ከወረደ ታካሚው ወዲያው ይናገር፤ ባለሙያውም መድኃኒቱን ሳይጨምር ይንቀለው።

አብዛኛውን ጊዜ ህመሙ የሚመነጨው ከመቀመጫ ሳይሆን ከወገብ ነው፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ሾልኮ የነርቩን ሥር ይጫናል፣ ያስቆጣል። በዕድሜ በገፉት ላይ ደግሞ ነርቮች የሚያልፉበት የአከርካሪው ቦይ ይጠብባል፤ ሲቆሙና ሲራመዱ ያማቸዋል፣ ጎንበስ ሲሉ ይቀልላቸዋል።

ሾልኮ የወጣውን የዲስክ ክፍል ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው፣ አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ከ1 ወይም 2 ቀን በላይ መተኛት ግን ጡንቻን ያደክማል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቀን ደጋግሞ መራመድ ይበጃል። ለዲስክ፣ በሆድ ተኝቶ በክርን መደገፍ፣ ከለመዱት በኋላ ዳሌን ሳያነሱ ደረትን በእጅ ቀስ ብሎ 10 ጊዜ ማንሳት ብዙዎችን ይረዳል። ህመሙ ከእግር ለቆ ወገብ ላይ ከተሰበሰበ፣ ወገቡ ለጊዜው ቢብስም ጥሩ ምልክት ነው። ወደ ታች ከወረደ ግን ያቁሙ። አይቡፕሮፌን የተባለው የህመም ማስታገሻ ከምግብ ጋር ለጥቂት ቀናት ይረዳ ይሆናል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ግን አይሆንም።

ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) ለመነሳት መቸኮልም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ምንም የማያማቸው ሰዎች ዲስክም ወጣ ብሎ ይታያል። ምርመራው የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ወይም አደገኛ ምልክት ሲኖር ነው።

በተረከዝ ወይም በጣት ጫፍ መራመድ ካቃተ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው። ሽንት ከተያዘ ወይም ካመለጠ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሁለቱም እግሮች ከሰነፉ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል፣ ወገቡን ወጌሻ እንዳይነካው።