ለዘመቻ ስለሚወጡ የዓይን ክሊኒኮች ፈቃድ

ለተከበራችሁ አባላት፣

የቋሚ ክሊኒካችሁ ፈቃድ ከመኪናው ጋር አብሮ አይጓዝም። ወደ ወረዳ ከመውጣታችሁ በፊት የክልሉን ጤና ቢሮ በጽሑፍ አስፈቅዱ። ማመልከቻው ቦታውን፣ ቀኑን፣ የባለሙያዎቹን ስምና የሚሰጠውን አገልግሎት ይዘርዝር። «የዓይን ሕክምና» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ መነፅር ማዘዝ ሌላ፣ የሞራ ቀዶ ሕክምና ሌላ ነው።

ከውጭ ለሚመጡ ሐኪሞች ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ አስቀድማችሁ አውጡ። በእርዳታ ለሚመጣ መድኃኒትና ሰው ሠራሽ ሌንስ ደግሞ ከኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሻንጣ የመጣ ሌንስ ጉምሩክ ላይ ሲቀር የሚጎዳው ተራ ይዞ የሚጠብቀው በሽተኛ ነው።

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው የቀዶ ሕክምና መሣሪያን በማምከን፣ ማለትም ከጀርም ነፃ በማድረግ ላይ ነው። የተጠቀለለ መሣሪያ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 30 ደቂቃ ይቆያል። ደቂቃው የሚቆጠረው ሙቀቱ 121 ከደረሰ በኋላ እንጂ አውቶክሌቩ (በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ከተለኮሰበት ጊዜ አይደለም። ጄኔሬተሩ መሐል ላይ ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው የአመልካች ፕላስተር ቀለም መቀየር ጥቅሉ ሙቀት ማግኘቱን እንጂ መምከኑን አያሳይም። እያንዳንዱን ዙር በሰዓትና በሙቀት መዝግቡ፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣም ኢንፌክሽን ቢከሰትም መዝገቡ ይፈለጋል።

ከቀዶ ሕክምና በፊት 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) ዓይን ውስጥ ጨምሩና ቢያንስ 3 ደቂቃ ጠብቁ። ያገለገለ መርፌና ምላጭ የሚጣልበት የስለት ማስወገጃ ሣጥን ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ።

በማግሥቱ በሽተኞቹን ሳታዩ አትመለሱ። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ቢቀላ ወይም ቢያመው በሽተኛው የሚሄድበትን ጤና ተቋም ስምና ስልክ ካርዱ ላይ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ጻፉለት፤ ያንን ተቋምም አስቀድማችሁ አነጋግሩ።