እባካችሁ የሥራ ሰዓቱ ውሉ ላይ ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ 12 ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠውን የውል ቅጽ እከፍታለሁ፤ ስሙን፣ የሥራ መደቡን፣ ደመወዙን፣ የሙከራ ጊዜውን እሞላለሁ። አንቀጽ 6 ላይ ስደርስ ግን ምንም የምነካው ነገር አልነበረም። «የሥራ ሰዓት» ይላል ርእሱ፤ ከሥሩ የተጻፈው ለሁሉም አንድ ነው፦ «ሠራተኛው ድርጅቱ በሚያወጣው ፕሮግራም መሠረት እንደ ሥራው ጠባይ ይሠራል።» ለጥበቃ ሠራተኛውም፣ ለማሽን ኦፕሬተሩም፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋም ያው ነው። ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል።

ስንቱ ሰው ፊቴ ቁጭ ብሎ ፈርሟል። ደመወዙ ያለበትን መስመር ደጋግመው ያነባሉ፤ አንዳንዱ በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። አንቀጽ 6 ላይ ቆም ያለ ሰው ግን ከአንዲት ልጅ በቀር ትዝ አይለኝም። «ፕሮግራሙ የታል?» አለችኝ። «ሥራ ስትጀምሪ ይነገርሻል» አልኳት። እሺ ብላ ፈረመች። ያንን መልስ ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

ያ መሥሪያ ቤት ከተዘጋ በኋላ ሌላ ድርጅት ውስጥ የመጋዘን መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ውሉን ሲሰጡኝ ያቺው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ተቀምጣለች ማለት ይቻላል፤ የአንቀጽ ቁጥሯ ብቻ ነው የተለየው። ሥራው በሦስት ፈረቃ የሚሄድ ነው፦ ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። የሳምንቱ ሰሌዳ እሑድ ማታ በር ላይ ይለጠፋል። ሰኞ ጠዋት አንዱ ስም ተሰርዞ ሌላ ይገባበታል፤ ረቡዕ ደግሞ በስልክ መልእክት ይቀየራል። ስድስት ወር ያህል እንደዚህ ሠራሁ። ነገ ስንት ሰዓት እንደምገባ ዛሬ ማታ ስልኬን አይቼ ነው የማውቀው።

አባቴ የኩላሊት እጥበት የሚደረግለት ሰው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አራት ሰዓት ማሽን ላይ ይተኛል። ይህን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ የማሽን ተራ ማለት የማይነቃነቅ ነገር ነው። ከአባቴ በኋላ የሚገባው ሰው ውጭ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ተራው በመዝገብ ተጽፏል፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ሰዓት እንደሆነ ማንም ሰው ቢጠየቅ ይነግራችኋል። ይህን ያህል የታወቀ ሰዓት ያለውን ሰው ይዤ የምሄደው እኔ ግን የራሴን ሰዓት አላውቅም።

አንድ ረቡዕ ምሽት 3 ሰዓት አካባቢ ስልኬ ጠራ፤ «ነገ የጠዋት ፈረቃ ግቢ» የሚል መልእክት ነው። ሰሌዳው ላይ የነበርኩት ከሰዓት ነበር። ኃላፊዬ ጋ ደወልኩ፤ ሰው የለም አለኝ። ልለምን ሞከርኩ፤ እሱም ከላይ የታዘዘው ከአንድ ሰዓት በፊት መሆኑን ነገረኝ። በማግሥቱ አባቴ ብቻውን በኮንትራት ታክሲ ሄደ። መንገድ ላይ ቆይቶ 50 ደቂቃ አርፍዶ ደረሰ፤ ቀጣዩ ታካሚ እየጠበቀ ስለነበር ያ 50 ደቂቃ ከእሱ ላይ ተቀነሰ። ማታ ቤት ስገባ እግሩ አብጦ ነበር። ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ሳነሳው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ቆሜ አየሁት፤ ቶሎ አልሞላም። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ ጫማ አልገባለትም።

ዓርብ ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። አዳመጠኝ፣ አዘነልኝ፣ ከዚያ ግን መሳቢያውን ከፍቶ ፋይሌን አወጣና «እስቲ ውልሽ ምን ይላል?» አለኝ። ራሱ አነበበልኝ፦ «ድርጅቱ በሚያወጣው ፕሮግራም መሠረት…»። ስንት ዓመት በገዛ ጣቶቼ የመታሁትን ቃል ሌላ ሰው ሲያነብልኝ የምለው ጠፋኝ። ማንም ውሉን አልጣሰም፣ ማንም አልዋሸኝም። የጎደለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ክፍት የተተወውን ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሞላው ሰሌዳውን የሚለጥፈው ሰው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ስለዚሁ ጉዳይ ሳነብ ቆየሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ዋሽንግተን ላይ የመጀመሪያውን ጉባኤውን ሲያካሂድ ያወጣው ስምምነት ቁጥር 1 ስለ ሥራ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ስምምነቱን የሚያስታውሰው በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት በሚለው ገደብ ነው። እኔን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ግን አንቀጽ 8 ነው። አሠሪው ሥራ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት፣ በፈረቃ ከሆነም እያንዳንዱ ፈረቃ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ ወይም መንግሥት በፈቀደው ሌላ መንገድ ማሳወቅ አለበት ይላል። አንዴ ከተገለጸ በኋላም መንግሥት ባጸደቀው ማስጠንቀቂያና መንገድ ካልሆነ አይቀየርም። የዕረፍት ሰዓቱም እንደዚሁ ይገለጻል፤ ትርፍ ሰዓቱም ይመዘገባል። መቶ ዓመት አልፎታል! ያኔ ስለ ፋብሪካና ስለ መሰል ሥራዎች ነበር የተጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ስምምነት ቁጥር 30 ለንግድና ለቢሮ ሠራተኞችም ተመሳሳይ ነገር አመጣ። እነዚያ ሰዎች የሰዓቱ ብዛት ብቻውን እንደማይበቃ፣ መቼ የሚለውም መታወቅ እንዳለበት ተረድተዋል። ድርጅታችን በሰሌዳው በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መድቦኝ አያውቅም። በቁጥሩ ቅሬታ የለኝም።

አሠሪዎች የሚሉትን አውቃለሁ፤ እዚያ ወገን ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁና። ትእዛዝ ድንገት ይመጣል፣ ማሽን ይሰበራል፣ ሰው ይታመማል፤ ሁሉን ነገር ውል ላይ አስረን እንዴት እንሠራለን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚለዋወጥ ሥራም ቢሆን የሚለዋወጥበት ድንበር ይጻፍለታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ የሥራ ፕሮግራሙ አስቀድሞ የማይታወቅ ሠራተኛን ጉዳይ ያየው በዚህ መንገድ ነው፤ ሊጠራ የሚችልባቸው ቀናትና ሰዓታት፣ ክፍያቸው የተረጋገጠ ሰዓታት ብዛት፣ ከመጠራቱ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይነገረዋል። ከእነዚያ ቀናትና ሰዓታት ውጭ ወይም ያለ ማስጠንቀቂያው ቢጠራ እንቢ ሊል ይችላል፤ እንቢ በማለቱም አይቀጣም። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ሕግ ደግሞ በችርቻሮ፣ በሆቴልና በምግብ አገልግሎት ዘርፍ ያሉ ትልልቅ አሠሪዎች ሰሌዳቸውን አስቀድመው እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ መጀመሪያ 7 ቀን ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ 14 ቀን ሆነ። እዚያም ደንበኛ ድንገት ይመጣል፣ እዚያም ሰው ይታመማል።

ደግሞስ ያልተጻፈ ሰዓት የሚጎዳው ሠራተኛውን ብቻ ነው ያለው ማነው? በፋብሪካው ሳለሁ አንድ ኦፕሬተር በማርፈድ ሦስት ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሲደርስ ሰውየው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ስንት ሰዓት ግባ ተብዬ ነው ያረፈድኩት?» ውሉ ተጠየቀ፤ የለበትም። የዚያ ሳምንት ሰሌዳ ተፈለገ፤ ሌላ ተለጥፎበት፣ ኋላም ተቀዶ ተጥሏል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሦስቱንም ማስጠንቀቂያዎች ሰረዘ። የክፍሉ ኃላፊ ተናዶ ሲወጣ በሩን የወረወረበት ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። ሰውየው በእርግጥ ያረፍድ ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሰዓቱን ያልጻፈ አሠሪ ግን አርፍደሃል ሊል አልቻለም።

ስለ ርክክብም ትንሽ ልበል፤ ይህ ማንም የማይቆጥረው ነገር ነው። ፈረቃዬ 8 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ተረካቢዋ መጥታ ዕቃውን ቆጥረን፣ መዝገቡን ፈርመን እስክወጣ 20 ደቂቃ ያልፋል። በሳምንት 6 ቀን ሲሆን 2 ሰዓት ነው። በ50 ሳምንት 100 ሰዓት፤ ለስምንት ሲካፈል 12 ቀን ተኩል። ውሉ ላይ «ርክክብ የሥራ ሰዓት ነው» ወይም «አይደለም» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ፊት ለፊት እንነጋገርበት ነበር። የምሳ ዕረፍትም እንደዚሁ ነው። ስልክ እያነሳሁ፣ በር እየከፈትኩ የምበላበት ግማሽ ሰዓት ዕረፍት ይባላል ወይስ ሥራ?

ታዲያ ምን ይጻፍ ለሚለኝ፣ ያን ጊዜ ብጽፈው ኖሮ ብዬ የምመኘውን እነሆ፦ «ሠራተኛዋ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ትሠራለች። ፈረቃዎቹ ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱ ሲሆኑ በየሳምንቱ በቅደም ተከተል ይዞራሉ። የዕረፍት ቀኗ እሑድ ነው። በየፈረቃው መካከል 30 ደቂቃ ዕረፍት አላት፤ ከሥራ ቦታዋ መራቅ ካልቻለች እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል። ርክክብ የሥራ ሰዓት አካል ነው። ፕሮግራሙ የሚለወጠው ከ7 ቀን በፊት በጽሑፍ ሲነገራት ነው፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከሆነ በፈቃደኝነቷ ብቻ ይሆናል።» ሰባት መስመር ገደማ ነው። እንደ እኔ በፍጥነት ለሚጽፍ ሰው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ከ2፡00 እስከ 11፡00» ብላችሁ ብቻ የምትጽፉም ጠዋት ወይም ማታ የሚለውን ጨምሩበት፤ በዚህች ቃል መጉደል ሰው ሲከራከር አይቻለሁ።

ሰዎች በስምምነት ፈረቃ እንዳይቀያየሩ ይከለክላል የሚል ስጋት ሰምቻለሁ። አይከለክልም። አብራኝ የምትሠራ እናት ልጇ ትምህርት ቤት ሲጠራት ከእኔ ጋር ትቀያየራለች፤ የእኔ ሰዓት በጽሑፍ ከተቀመጠ ወዲህ እንዲያውም ቀለለን፣ ምክንያቱም ምንን በምን እንደምንቀይር እናውቃለን። ድሮ እኮ የምትቀይሪው ፈረቃ ራሱ እስከ ማታ ይኑር አይኑር አይታወቅም ነበር።

የእኔን ጉዳይ ልጨርስ። ከኃላፊዬ ጋር ሁለት ሳምንት ስንነጋገር ቆይተን ከውሉ ጋር የሚያያዝ ተጨማሪ ስምምነት ተፈራረምን። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የጠዋት ፈረቃ አልመደብም፤ በፊተኛው ሌሊትም አልገባም። በለውጡ እኔ ከሌሎች የበለጠ የእሑድ ተረኛ ሆኜ ምትክ ዕረፍቴን ሰኞ ለመውሰድ ተስማማሁ፤ ይህም ተጽፏል። ሦስት ወር ሆነው። በእኔ ምክንያት የቆመ ፈረቃ የለም። አባቴም አንድ ቀን አላረፈደም።

እናንተን አዘጋጆችን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በየሳምንቱ ገጾቻችሁ ላይ የሚወጡትን የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች እስቲ አንድ ጊዜ በዚህ ዓይን ተመልከቷቸው። የትምህርት ደረጃ አለ፣ የሥራ ልምድ አለ፣ ብዛት አለ፣ የምዝገባ ቀን አለ። በዚህ ሳምንት ሁለት ገጽ ሙሉ አነበብኩ፤ መግቢያና መውጫ ሰዓት የጻፈ አንድም አላገኘሁም። ማስታወቂያ የምትቀበሉበት ቅጽ ላይ «የሥራ ቀናትና ሰዓት» የሚል መስመር ብትጨምሩ፣ አሠሪው ውሉን ከማዘጋጀቱ በፊት እዚያው እናንተ ዘንድ ሊያስብበት ይገደዳል፤ የሚያመለክተው ሰውም የሚጦረው አባት ወይም የሚያደርሰው ልጅ ካለው መቻል አለመቻሉን አይቶ ይመጣል። ይህን መስመር ለመጨመር የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጋዘን መዝጋቢ የሆነች አንባቢያችሁ