ፎቶውን ለምን እንደማላወርደው

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ድሬም ጥር ስለሆነ ቀዝቀዝ ብላለች፣ ማታ ማታ ውጭ መቀመጥ ደስ ይላል።

ባለፈው በስልክ «እማ፣ አጎቴ እኮ የደርግ ወታደር ነበር፣ ምኑን ነው የምናስበው?» አልከኝ። መልስ አጣሁ። አልተቀየምኩህም። ማን ነገረህና? እኔም አልነገርኩህም።

አጎትህ በብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ 19 ዓመቱ ነበር። ፖለቲካ አያውቅም። የሱ ነገር ኳስና ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወሬ ነበር። ከምጽዋ ሁለት ደብዳቤ ልኮልናል። አንዱ ላይ «ሙቀቱ የድሬን ያስንቃል፣ ግን ባሕር አለ» ብሎ ጽፏል። አያትህ ማንበብ ስለማትችል የማነብላት እኔ ነበርኩ፤ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ «እስቲ ድገሚው» ትለኛለች።

የካቲት 1 ቀን 1982 ሻዕቢያ ምጽዋን ማጥቃት ጀመረ። አስመራ ለነበረው ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ስንቅና ጥይት የሚገባው በዚያ ወደብ ነው፣ ወደቡ ከተያዘ የሚቀረው አውሮፕላን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ወገን የሞት ሞቱን ተዋጋ። ሠራዊቱ ደግሞ አስቀድሞ ተጎድቷል። በመጋቢት 1980 አፍአበት ላይ ተመታ፣ ከግንቦት 1981ዱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጋር ስንትና ስንት ጄኔራል አለቀ። በጥቂት ቀን ውስጥ የብስ ላይ ያለው የከተማው ክፍል ተያዘና የተረፉት ጥዋለት ደሴት ላይ ተከበቡ። ጥዋለትን ከየብስ የሚያገናኛት ባሕሩ ላይ የተሠራ ጠባብ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ታንክ እየመጣባቸው፣ ከኋላቸው ባሕር። አዛዣቸው ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ አልሰጥም ብለው እዚያው ሞቱ። አጎትህ የት እንደወደቀ የነገረን የለም።

መርዶ እንኳ አልመጣም። አያትህ ቢሮ ለቢሮ ዞረች፣ «ይጠብቁ» ብቻ ነው የተባለችው።

ከዚያ 1983 መጣ። መንግሥት ወደቀ፣ ሠራዊቱ ተበተነ። ወታደሩ በባዶ እግሩ፣ በተቀደደ ልብሱ በየከተማው እየለመነ ሲያልፍ የሚሰድበውም ነበር። አያትህ ግን በጆግ ውሃ ይዛ፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ በር ላይ ትቆማለች። ያለፈውን ሁሉ «ምጽዋ ነበርክ፣ ልጄ?» ትላለች። አንዱ ዳቦውን ተቀብሎ ለሁለት ከፈለና ግማሹን ኪሱ ከተተ። ለምን ስትለው «ጓደኛዬ ለገሃር ተኝቷል፣ መራመድ አቅቶት ነው» አላት። እሷም ያላትን ሁሉ ሰጥታው ገባች። የዚያን ቀን እኛ እራት ያለ ዳቦ በላን።

አየህ፣ የካቲት 26 ካራማራን እናስባለን። ይገባል። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ታንክ እስከ ድሬ ደጃፍ መጥቶ የተመለሰው በወታደር ደም ነው፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ዛሬም ያወሩታል። ግን ያው ሠራዊት ነው እኮ ኤርትራም የዘመተው! ካራማራ ላይ የሞተው ስሙ ሲነሳ ምጽዋ ላይ የሞተው እንዴት ይረሳል? የወንድማማች ውጊያ ስለሆነ ማውራቱ እንደሚከብድ ይገባኛል። ምጽዋ ከተያዘች በኋላ አውሮፕላን ሲደበድባት ያለቀው ሕዝብም አለ፣ እሱንም ልደብቅህ አልፈልግም። የሻዕቢያም ልጆች እናት ነበራቸው። እነሱ ምጽዋ ላይ ሦስት ታንክ አቁመው ሟቾቻቸውን ያስባሉ። ያን በቴሌቪዥን ያየሁ ቀን ቀናሁ፣ እውነቴን ነው። እኛ ያለችን ቡፌው ላይ ያለችው የአጎትህ ፎቶ ናት።

ሰፈራችን ክራንች ይዞ ሲጋራና ማስቲካ የሚሸጠውን ታውቀዋለህ አይደል? ስንት ዓመት ገዝተኸዋል። እሱም ምጽዋ ነበር። አጎትህን አያውቀውም፣ ሌላ ክፍል ነው የነበረው። ግን በየዓመቱ የካቲት 1 ቤታችን መጥቶ ቡና ይጠጣል፣ ፎቶዋን አንዴ አየት አድርጎ ይቀመጣል።

ዘንድሮ ከቻልክ በዚያ ሰሞን ና። አጠገቡ ተቀመጥና ስለ ጥዋለት ጠይቀው። ቶሎ አይጀምርም፣ ታገሰው። ከጀመረ ደግሞ አታቋርጠው፣ ስልክህንም አስቀምጥ።

እናትህ