ርክክብም ትምህርት ይፈልጋል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የውስጥ ደዌ ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) የጠዋት ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ብርቅ በሽታ ነው። እኔም እንዲያ ነው የተማርኩት፤ ደስም ይላል። ግን ታካሚን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ሳይታይ ያደረ የፖታሲየም የደም ምርመራ ውጤት። ማቆም ሲገባው የቀጠለ ደም ማቅጠኛ። በተለይ ተረኛው ሐኪም ታካሚዎቹን ለተተኪው በሚያስረክብበት ርክክብ ላይ፣ አዳሪው ተረኛ ደክሞት ሲቸኩል፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል።

ይሄ በሥልጠና ይስተካከላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በ9 ሆስፒታሎች የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንቶች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ወጥ የርክክብ ዘዴ ከተማሩ በኋላ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

የሞት ግምገማ ስብሰባ ላይም «ማን አጠፋ?» ማለት ይቅር። የተወቀሰ ሬዚደንት በሚቀጥለው ይደብቃል። «ምን አሳሳተው?» ብለን እንጠይቅ።

አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም